ፈረስ በጉልበት አይያዝም

ፈረስ መጋለብ በልጅነት ካልተለመደ አይለመድም የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው «ልማር ነው» ሲል ዘመዶቹ ወገቡን ያስታውሱታል፤ የሥራ ባልደረቦቹ ኢንሹራንስ ገብቶ እንደሆነ ይጠይቁታል። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሆኬትሱ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ በፈረስ ሲወዳደር 71 ዓመቱ ነበር። እርግጥ ሰውየው ከወጣትነቱ ጀምሮ የጋለበ ነው፤ ወገብ በሰባ ዓመትም ኮርቻ እንደሚችል ለማስረዳት ግን ይበቃኛል።

መሠረታዊውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ቆብ፣ ማለትም ራስን ከአደጋ የሚከላከለው ጠንካራው ቆብ፣ ግዴታ ነው። ጫማው ትንሽ ተረከዝ ያለው ይሁን፤ ሰንደልና ወፍራም ሶል ያለው ስኒከር እቤት ይቅር፤ አንዱ በእርካብ ውስጥ ያልፋል፣ ሌላው ይሰነቀራል። ፈረስ ከኋላው በቀጥታ የመጣን ሰው ስለማያይ በትከሻው በኩል እያናገሩ ይቅረቡት። ክብደትዎ ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ገደማ እንዳያልፍ ይመከራል፤ የደጋ ፈረሶቻችን ደግሞ ትንንሾች ናቸው፤ ስለዚህ ሞላ ያልን ሰዎች ፈረስ መምረጥ አለብን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ጎልማሳ ጀማሪ ኮርቻ ላይ እንደወጣ መጀመሪያ የሚፈልገው የሚይዘው ነገር ነው። እጁ ዛቡን ይጨብጣል፤ ጉልበቱ የፈረሱን ጎን ይቆልፋል። እንዳይወድቅ ያደረገው ይመስለዋል፤ የሚጥለው ግን ይኸው ነው። ጉልበት በተጫነ ቁጥር መቀመጫ ከኮርቻው ይነሳል፤ በጣት ተጨምቃ እንደምታመልጥ የሎሚ ዘር ጋላቢው ወደ ላይ ይሾልካል። ለፈረሱ ደግሞ ጎኑን መጫን «ሂድ» ማለት ነው። ፈረሱ እንደታዘዘው ሲራመድ ሰውየው ይደነግጥና ዛቡን ይስባል፤ ይህ ደግሞ «ቁም» ነው። እግሩ ሂድ፣ እጁ ቁም ሲለው ፈረሱ ባለበት ይሽከረከራል፤ ከላይ ያለው ሰው ታዲያ «እልኸኛ ፈረስ ሰጡኝ» ብሎ ይፈርዳል። በዚህ ፍርድ ስንቱ ፈረስ ያለጥፋቱ ተገርፏል!

የሚሳበው ዛብ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ ጀማሪ ጥቂት ነው። ፈረስ በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ጥርስ የሌለው ክፍት ቦታ አለው። ዛቡ የሚስበው ልጓም የሚተኛው እዚያ ድድ ላይ ነው፤ ከድዱ ሥር ወዲያው አጥንት ነው። ሰባ ኪሎ ሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ በዚህ ድድ ላይ ሲንጠለጠል ያስቡት። መያዝ ካስፈለገ ጋማ አለ። ጋማ መያዝ የሚያሳፍር የሚመስላቸው ሰዎች የሚያሳፍረው የቱ እንደሆነ ተምታቶባቸዋል።

«ታዲያ ሰውን ኮርቻ ላይ የሚያቆየው ምንድነው?» ለሚለኝ ሰው ሁልጊዜ የማነሳት ዴንማርካዊት አለች። ሊስ ሃርቴል የታወቀች ጋላቢ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1944 ፖሊዮ ያዛት፤ ከጉልበቷ በታች ያለው አካሏ ዳግም አልታዘዛትም። ፈረስ ላይ የሚያወጣትና የሚያወርዳት ሰው ያስፈልጋት ነበር። በ1952 ሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ላይ ጁብሊ በተባለች ፈረሷ ተቀምጣ በድሬሳዥ፣ ፈረስ በጥቃቅን ምልክት እየታዘዘ ስልት በሚያሳይበት ውድድር፣ የብር ሜዳሊያ ወሰደች። አብረዋት የተወዳደሩት ወንዶችም ጭምር ነበሩ። በ1956 ደግማ ብር አገኘች፤ ያን ዓመት ኦሎምፒኩ ሜልቦርን ቢሆንም አውስትራሊያ የውጭ ፈረስ ስላላስገባች የፈረሱ ውድድር የተደረገው ስቶክሆልም ነበር። ይህች ሴት ፈረሷን በእግሯ አልቆለፈችም፤ ብትፈልግም አትችልም ነበር። የያዛት በወገቧና በመቀመጫዋ የጠበቀችው ሚዛን ነው።

ይህን ለማወቅ ግን ሄልሲንኪ ድረስ መሄድ አላስፈለገንም። የአገራችን የደጋ ፈረሰኛ የኖረበት እርካብ ሙሉ እግር የሚያስገባ አልነበረም፤ የእግር አውራ ጣት ብቻ የምትገባበት ቀጭን የብረት ቀለበት ነበረች። በአንዲት ጣት የቆመ ሰው የለም። እርካብ የእግር ማረፊያ እንጂ የሰውነት ምሰሶ አለመሆኑን አባቶቻችን በባዶ እግራቸው ያውቁት ነበር። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሲሰበሰብ ነጭ የለበሱ አዛውንቶች አቀማመጥ አይቶ የማይቀና ጀማሪ አይኖርም። እንጅባራ በምትገኝበት በአዊ ዞን አንድ ሽማግሌ ቀለበቷን ሲያሳዩኝ፣ «አባባ፣ በዚህች እንዴት ይቆማሉ?» አልኳቸው። ሳቁ። «ልጄ፣ ማን ቆመ? ይህች እግሬ እንዳይንከራተት ነች። የሚጋልበው ይኼ ነው» ብለው ኮርቻው ላይ ያረፈውን አካላቸውን መታ መታ አደረጉ። ስሙን በግልጽ ነው የጠሩት፤ እኔ «መቀመጫ» ብዬ አልፌዋለሁ።

ስለዚህ ጎልማሳ ተማሪ ረጅሙን ጊዜ መስጠት ያለበት ለእርምጃ ነው። እርምጃ ይናቃል፤ ሁሉም ሰው ወደ ሶምሶማ፣ ከዚያም ወደ ደንገላሳ ይቸኩላል። የፈረስ እርምጃ አራት ምት አለው፤ እያንዳንዱ ኮቴ ለየብቻው ይረግጣል። የኋላ እግሮቹ በየተራ ሲገፉ የጋላቢው ዳሌ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰውየው በራሱ እግር የሚሄድ ያህል። የመራመድ ችግር ያለባቸው ሰዎች በፈረስ ላይ የአካል ሕክምና የሚሰጣቸውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ወገብዎን ፈትተው ይህን ውዝዋዜ ከተቀበሉት ጉልበትዎ ሳይነገረው ይላቀቃል። ሶምሶማ ሁለት ምት ብቻ ስላለው ያነጥራል፤ እርምጃ ላይ ያልተፈታ ወገብ እዚያ ይቀጣል።

የቪየናው የስፔን ፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ጀማሪዎቹን ያለ ዛብና ያለ እርካብ ያስቀምጣል፤ አሠልጣኙ ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ ያዞረዋል፣ ተማሪው መቀመጥ ብቻ ይማራል። ለወራት! ከእንጦጦም ይሁን ከሌላ ቦታ ፈረስ የሚከራዩ ሰው ይህንኑ ይጠይቁ፤ «ዛቡን እርስዎ ይያዙልኝ» ማለት ይበቃል። ሰዎች በሚሰጡት አስተያየት አይፈሩ።

ሰውነትን የመፍታቱ ነገር ፈረሱንም ይመለከታል። ዝንብ ሲያርፍበት ያቺኑ ቦታ ብቻ ለይቶ ቆዳውን የሚያንቀጠቅጥ እንስሳ፣ የእርስዎ ጭን መጨምደዱ አይሰማውም ማለት ዘበት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በርሊን ውስጥ ሂሳብ ያሰላል የተባለ ሃንስ የሚሉት ፈረስ ነበር፤ መልሱን በኮቴው እየመታ ይቆጥራል። ኦስካር ፉንግስት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳሳየው፣ ሃንስ የሚያነበው የጠያቂውን ፊትና አንገት ነበር፤ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳይታወቀው ዘና ሲል ያቆማል። ከመሬት ቆሞ ይህን ያህል ያነበበ እንስሳ ጀርባው ላይ የተቀመጠን ሰው ፍርሃት ምን ያህል እንደሚያነብ ያስቡት። ትንፋሽዎን ይዘው «አይዞህ» ቢሉት ትንፋሹን እንጂ ቃሉን አይሰማም።

አንድ ወቀሳ ላክል። በበዓል ቀን ፈረስ ተከራይተው ፎቶ የሚነሱ ሰዎች ኮርቻው ሥር ምን እንዳለ አይጠይቁም። ከመውጣትዎ በፊት ግላሱንና ኮርቻውን አስነስተው ጀርባውን ይዩ፤ እጅዎንም ያሳልፉበት። ገጣባ ከሆነ፣ ወይም ሲነኩት ጀርባውን ካጎበጠ፣ አይውጡበት፤ ባለቤቱም «ለምዶታል» ካለዎት ሌላ ባለፈረስ ይፈልጉ። ከወረዱ በኋላም ወደ መኪናዎ ከመሮጥዎ በፊት የሆዱን ጠፍር ያላሉለት፣ ትንፋሹ እስኪመለስ በእጅ እየሳቡ ያራምዱት፣ ውኃ መኖሩንም ይጠይቁ።