ኦኬ ከተጫነ በኋላ

የኬንያው የሞያሌ ምርጫ ክልል በሰሜን በኩል ከኢትዮጵያ ጋር ይዋሰናል። የሞያሌ ከተማም አንድ ስም ይዛ በሁለት አገር የተከፈለች ናት። ከኬንያ በኩል ከኢሲዮሎ የሚነሳው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አስፋልት፣ ከኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ከሐዋሳ የሚመጣው መንገድ እዚህ ይገናኛሉ። የጋራ የድንበር መተላለፊያ ጣቢያውም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በሁለቱ አገሮች መሪዎች ተመርቋል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚሠራ መንገድ፣ የውሃ መስመር ወይም የቦታ ፕላን ብዙ ጊዜ የሁለት አገር የቅየሳ መረጃን በአንድ ሥዕል ላይ ማገናኘት ይጠይቃል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። በነባር ካርታዎቻቸው ሁለቱም አገሮች ለዚህ አካባቢ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜንን ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም የምድርን ቅርጽ በክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድ ይለካሉ። የሚለያዩት በዳተማቸው፣ ማለትም ኤሊፕሶይዱን ከመሬት ጋር በሚያያይዙበት መነሻ፣ ነው፦ የኢትዮጵያው አዲንዳን፣ የኬንያው አርክ 1960 ነው። በሞያሌ አካባቢ ኢስቲንግ 506 ሺህ፣ ኖርዚንግ 390 ሺህ ገደማ የሆነ ነጥብ በሁለቱም ካርታዎች ላይ ትክክል ይመስላል። ያው አንድ ቁጥር በመሬት ላይ የሚያርፍባቸው ሁለት ቦታዎች ግን በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ 500 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ልዩነቱን የሚለይ ዓይን የለም።

ይህን የመሰለ ሥራ የሚደጋግም መሐንዲስ ወይም ቀያሽ ቶሎ ብሎ በአውቶካድ ውስጥ ትንሽ ፕሮግራም ይጽፋል፤ ወይም ሌላ የጻፈውን ይወስዳል። ፕሮግራሙ ዳያሎግ ቦክስ ይከፍትና የነጥቡን ስም፣ ሁለቱን ልኬቶችና ዳተሙን ይጠይቃል፤ ኦኬ ሲባል ነጥቡን ያኖራል። የሚጻፍበት ቋንቋ ኦቶሊስፕ ይባላል፤ ከአውቶካድ ጋር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። የሳጥኑን መልክ የሚገልጸው ዲሲኤል የተባለው ቋንቋ ደግሞ በ1992 ከ12ኛው እትም ጋር ታከለ። ስለዚህ አንድ ሳጥን የሁለት ፋይሎች ሥራ ነው፦ አንደኛው መልኩን ይናገራል፣ ሁለተኛው ያሠራዋል። ጀማሪ ሁሉ ጉልበቱን የሚጨርሰው ሳጥኑ እንዲከፈት በማድረግ ላይ ነው። ሲከፈትለት ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። በእኔ አመለካከት ግን ሳጥን አልከፈት ማለቱ ከጉዳቶቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። አደገኛው በሥርዓቱ ተከፍቶ፣ በሥርዓቱ ተዘግቶ የተሳሳተ ዋጋ ይዞ የሚሄደው ነው። ስለዚህ ስህተት ፍለጋ በዋነኛነት መካሄድ ያለበት ኦኬ ከተጫነ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው።

አልከፈት ያለውን ሳጥን በአጭሩ እንጨርሰው። ፋይሉን የሚጭነው «ሎድ ዳያሎግ» የተባለው ትእዛዝ ካልተሳካለት አሉታዊ ቁጥር ይመልሳል፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ ፋይሉ አውቶካድ በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ውስጥ የለም ማለት ነው፤ «ፋይንድ ፋይል» ወዲያው ያረጋግጠዋል። ፋይሉ ተጭኖ ሳጥኑን የሚከፍተው «ኒው ዳያሎግ» ኒል (ባዶ) ከመለሰ፣ በብዛት የሳጥኑ ስም በሁለቱ ፋይሎች ውስጥ አንድ ዓይነት አልተጻፈም። ዲሲኤል ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያል። ሴሚኮለን (;) ከአንድ መስመር መጨረሻ ከተዘለለም ሳጥኑ አይከፈትም። በዲሲኤሉ ፋይል ውስጥ የፍተሻ ደረጃውን ወደ 3 ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ አውቶካድ ያገኘውን ግድፈት ሁሉ በተለየ ፋይል ይጽፍልናል። በአማርኛ የተጻፉ መለያዎች ጥያቄ ምልክት ሆነው ከወጡ ደግሞ ጉዳዩ የፊደል ኮድ ነው። የግዕዝ ፊደል በቀድሞው የዊንዶውስ የኮድ ገጾች ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ ኦቶሊስፕም ዩኒኮድን በሚገባ መደገፍ የጀመረው ከአውቶካድ 2021 ወዲህ ነው። እንዲህ ሲያጋጥም መጀመሪያ ሳጥኑን በላቲን ፊደል አሠርቶ ማየት የፊደሉን ችግር ከሳጥኑ ችግር ለመለየት ይረዳል።

ዝም ብሎ የሚሳሳተው ሳጥን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ዳተሙ ሲነካ ከሚዘረጋ ዝርዝር ውስጥ ይመረጣል እንበል። ተጠቃሚው «አዲንዳን» የሚለውን ጽሑፍ ያያል፤ ፕሮግራሙ የሚደርሰው ግን ጽሑፉ ሳይሆን የተራ ቁጥሩ ነው፤ ቆጠራውም ከ0 ይጀምራል። 0 ከሆነ አዲንዳን፣ 1 ከሆነ አርክ 1960 ተብሎ ተጽፏል። ከወራት በኋላ አንድ ባልደረባ የጂፒኤስ መረጃ ለማስገባት ሲል ደብሊው ጂ ኤስ 84ን ከዝርዝሩ አናት ላይ ቢጨምርና ሌላኛውን ፋይል ባይነካ፣ አዲንዳንን የመረጠ ሰው ሁሉ አርክ 1960 ይሰጠዋል። የስህተት መልእክት የለም፤ ሳጥኑም አልተሰበረም። ሌላው መንገድ ከዚህም ስውር ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ዋጋውን የሚይዙት ተጠቃሚው መስኩን ሲነካ ብቻ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት የሚታየው ምርጫ ልክ ሆኖ አግኝቶት ሳይነካው ኦኬ ያለ ሰው፣ በዚያው ሥዕል ላይ ቀደም ሲል ከሠራበት የቀረውን ዋጋ ሳያውቀው ይጠቀማል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ኦኬ ሲጫን፣ ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት፣ የመስኮቹን ሁሉ ዋጋ በ«ጌት ታይል» እንደገና ማንበብ። «ከመዘጋቱ በፊት» የሚለውን አጥብቄ የምለው አለምክንያት አይደለም፤ ከተዘጋ ሳጥን የሚነበብ ነገር የለም። የኦኬን ተግባር በራሱ ኮድ የተካ ሰው ደግሞ መዝጊያውን ትእዛዝ ራሱ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ አዝራሩ ቢጫን ቢጫን ሳጥኑ ንቅንቅ አይልም።

ቁጥሮቹም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ከሳጥን የሚወጣ ነገር ሁሉ፣ ቁጥር ቢመስልም፣ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት። ለዚህ በብዛት የሚጠራው «ኤቶኤፍ» ነው፤ እሱ ደግሞ ከመጠን በላይ ታጋሽ ነው። ከሪፖርት ላይ ተቀድቶ የመጣ «506,240» ሲሰጠው ኮማው ጋ ቆሞ 506 ብሎ ይመልሳል። ፊደል ብቻ ሲሰጠው ዜሮ ይመልሳል። «ዲስቶፍ» የተባለው ግን ሊረዳው ያልቻለውን ጽሑፍ ኒል ብሎ ይጥለዋል፤ ፕሮግራሙም ተጠቃሚውን መልሶ የመጠየቅ ዕድል ያገኛል። ለቦታ ልኬት የሚጻፍ ሳጥን ሁለተኛውን መምረጥ አለበት ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ የ500 ሜትር ስህተትን ልምድ ያለው ቀያሽ ገና ሲያየው ይይዘዋል የሚል ነው። ከሥዕሉ ሥር የሳተላይት ምስል ካለ እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉም ነጥቦች በአንድ ሳጥን በኩል ከገቡ ሁሉም እኩል ይሸሻሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀትም ሆነ ማዕዘን አይዛባም፤ ሥዕሉም ውበቱን እንደጠበቀ ይታያል። ልዩነቱ የሚገለጠው የሌላው አገር ሥዕል አጠገቡ ሲመጣ ነው፤ ያኔ ምናልባት ግንባታው ተጀምሯል። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስባል፦ ሳጥኑ ይቅር፣ ጥያቄው በትእዛዝ መስመር ይቅረብ ይላል። በእርግጥ «ጌት ሪል» የተባለው ጠያቂ ትእዛዝ ፊደልን ወይም ኮማ የገባበትን ቁጥር ራሱ አልቀበልም ይላል፤ ዳተሙንም በተራ ቁጥር ሳይሆን በስሙ መጠየቅ ይቻላል። ለሁለትና ለሦስት ጥያቄ ይህ ከሳጥን ይሻላል፤ ሳጥን መሥራትም ከንቱ ድካም ይሆናል። የሚጠየቀው ሲበዛና መልሶቹ ጎን ለጎን መታየት ሲኖርባቸው ግን፣ የትእዛዝ መስመር ተጠቃሚው ያለፈውን መልሶ እንዳያይና እንዳያርም ያግደዋል። ዲሲኤል አርጅቷል፣ ወደ ዶትኔት እንሂድ የሚሉም አሉ። መስኮቱ ያምርላቸዋል፤ በሚታየው ጽሑፍና በሚተላለፈው ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ግን እዚያም አለ።

ስለዚህ ሳጥኑን የሚፈትነው ሰው ነጥቡን ከማኖሩ በፊት የተነበበውን ዋጋ ሁሉ፣ የዳተሙን ስም ጨምሮ፣ በትእዛዝ መስመር ላይ ያሳትም። ከዚያ ሆን ብሎ ያስቸግረው፦ ምንም ሳይነካ ኦኬ ይበል፤ መስክ ባዶ ይተው፤ ኮማ ያስገባ፤ ካንስል ብሎ ሥዕሉ እንዳልተነካ ይይ። ከድንበሩ በሁለቱም ወገን ልኬቱ በሁለቱም ዳተም የታወቀ አንዳንድ የመቆጣጠሪያ ነጥብ ወስዶም እያንዳንዱን በሁለቱም ምርጫ ያስገባ፤ ዳተሙ በትክክል ከተቀየረ የአንዱ ነጥብ ሁለት ውጤቶች ተደራርበው ይቀመጣሉ፣ ካልተቀየረ በግማሽ ኪሎ ሜትር ተለያይተው ይታያሉ። ፕሮግራሙም እያንዳንዱ ነጥብ በየትኛው ዳተም እንደገባ በነጥቡ አትሪቢዩት ውስጥ ይጻፍ፤ ሥዕሉ ከሞያሌ ወጥቶ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ለሚከፍተው መሐንዲስ ሳጥኑ አብሮት አይሄድምና።