ካንዴላ ተሰብሮ ሲቀር
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ደንበኛ «ካንዴላው ተሰብሮ ቀረ» ሲለኝ መልሴ ያው ነው፦ «ሞተሩ ይብረድ!» በአርባ ምንጭ ሙቀት ቶሎ አይበርድም፤ ቢሆንም እንጠብቃለን። ቴስታታው አሉሚኒየም ከሆነ ትኩስ ሳለ ሲታገሉት ክሩ ተገፎ ይወጣል። ከጨንቻ የሚወርድ መኪና አቧራ ተሸክሞ ስለሚመጣ የካንዴላውን ጉድጓድ መጀመሪያ በኮምፕሬሰር እነፋለሁ፤ ከካንዴላው አንዲት የሸክላ ስባሪ እንኳ ሲሊንደር ውስጥ ከገባች ግድግዳውን ትፍቃለች። ከዚያ ክሩ ላይ ዘይት ጠብ አድርጌ አሳድረዋለሁ። ነጩ ሸክላ ብቻ ተሰብሮ ባለስድስት ማዕዘኑ ብረት ካለ በካንዴላ ቁልፍ ይፈታል። እሱም ከተቆረጠ፣ ማውጫ ብረት መሃሉ ላይ አስገብቼ ሩብ ዙር ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያመላለስኩ አላላዋለሁ። እዚህ ጉልበት ሳይሆን ትዕግስት ነው የሚሠራው። አዲሱን ካንዴላ ስታስገቡ በእጃችሁ ጀምሩት፤ በቁልፍ የተጀመረ ክር ይጣመማል።