የአውቶቡስ ዋጋ ሊጨመር ነው፣ ተሳፋሪውስ ምን ይላል?



ከዚህ ከካኩማ ተነሥተው በአሜሪካ አንዲት ከተማ የሰፈሩ የቀድሞ ተማሪያችን እናት በቅርቡ አንድ ወረቀት በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ልከውልናል። ወረቀቱ በአማርኛ የተጻፈ ነው። የከተማው አውቶቡስ ድርጅት የመሳፈሪያ ዋጋ ለመጨመርና የአንዳንድ መስመሮችን ሰዓት ለመለወጥ ማሰቡን ይገልጽና ተሳፋሪዎች አስተያየት እንዲሰጡ ይጠይቃል። እናታችን የጠየቁን ሁለት ነገር ነው፦ «ይኼን ሞልቼ ብልክ ፋይሌ ላይ ችግር ያመጣብኛል ወይ? ደግሞስ ዋጋውን መጨመራቸው ካልቀረ እኔን ለምን ይጠይቁኛል?»

ጥያቄያቸውን እንደ ቀላል አላየነውም። እዚህ ካምፕ ውስጥ ስለ ራሽን፣ ስለ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ስንት መጠይቅ ሞልተናል! መልሳችን የት እንደ ደረሰ የሰማንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለእርሳቸው የጻፍነውን መልስ ሰፋ አድርገን ለሁላችሁም ማቅረብ መልካም መስሎ ታየን። የመስፈሪያ ጉዳያቸውን የሚጠባበቁ ወገኖች ነገ የሚገጥማቸው ነገር ነው። እዚሁ ለምንቆየውም ቢሆን ሞተርና ማታቱ የየዕለቱ ጉዳያችን ነው።

ሐሳብ ሌላ፣ ውሳኔ ሌላ

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ወረቀቱ የሚናገረው ገና ስላልተወሰነ ነገር መሆኑ ነው። ይህን ለመቀበል የሚያስቸግረን ከለመድነው የተነሣ ነው። አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ታሪፍ በርቀት እየተሰላ በመንግሥት ይወጣል፤ ተሳፋሪው የሚሰማው ከወጣ በኋላ ነው። እዚህ ኬንያ ደግሞ የማታቱን ዋጋ መንግሥት አይተምንም፤ የሚወስኑት የባለንብረቶቹ ማኅበራት ናቸው። (ማታቱ የሚለው ስም ራሱ ከዋጋ የመጣ ነው። «ታቱ» ሦስት ማለት ሲሆን፣ በጥንት ጊዜ ይከፈል ከነበረው 30 ሳንቲም የተወሰደ ነው። ዛሬ በ30 ሳንቲም ምን እንደሚገኝ አንባቢ ይፍረድ!) ለዝናብ፣ ለገናና ለትምህርት ቤት መክፈቻ ሌላ ዋጋ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ የጠራው ዋጋ ያው ውሳኔ ነው።

በአሜሪካ ግን ለከተማ አውቶቡሶች ከማዕከላዊው መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ዋጋ ከመጨመሩ ወይም አገልግሎቱን በብዛት ከመቀነሱ በፊት የሕዝብን አስተያየት የሚቀበልበትና የሚመለከትበት ሥርዓት ሊኖረው እንደሚገባ በሕግ ተደንግጓል። ይመለከታል እንጂ የተባለውን ሁሉ ይፈጽማል አልተባለም። ከዚህም ሌላ በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ ወይም በመጣበት አገር ምክንያት እንዳይበድል ይከለክላል። በዚሁ ሕግ ላይ ተመሥርቶ በ2012 የወጣ መመሪያ ትልልቅ የአውቶቡስ ድርጅቶች ዋጋ ሲለውጡ ለውጡ በድሆችና በጥቁሮች፣ በስደት በመጡና በመሰሎቻቸው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አስቀድመው እንዲመረምሩ ጠይቋል። ወረቀቱ በአማርኛ ተተርጉሞ እናታችን ዘንድ የደረሰው ከእንዲህ ያለው ታሪክ የተነሣ ነው።

የሲያትልና የሎስ አንጀለስ ምሳሌ

ሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች ከእርሷ እንጀምር። የአውቶቡስ ድርጅቱ ኪንግ ካውንቲ ሜትሮ ይባላል። እስከ 2018 አጋማሽ ድረስ ዋጋው እንደ ሰዓቱና እንደ ቦታው ይለያይ ነበር። ሰው በማይበዛበት ሰዓት 2 ዶላር ከ50፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት 2 ዶላር ከ75፣ በዚሁ ሰዓት የከተማዋን ወሰን ለሚሻገር ደግሞ 3 ዶላር ከ25 ነበር። በ2017 ድርጅቱ ሁለት ሐሳብ ለሕዝብ አቀረበ። አንደኛው በማንኛውም ሰዓትና ቦታ 2 ዶላር ከ75 ይሁን የሚል ነው። ሁለተኛው በሥራ ሰዓት 3 ዶላር፣ በሌላው ሰዓት 2 ዶላር ከ50 ይሁን የሚል ነው።

ሁለቱም ሲታዩ ቀላል ይመስላሉ። ነገር ግን በአንደኛው ሐሳብ በሥራ ሰዓት ከሩቅ የሚመጣው ሰው 50 ሳንቲም ሲያተርፍ፣ በሌሊት ቢሮ ለማጽዳት የምትሄደው ሴት 25 ሳንቲም ትጨምራለች። ደርሶ መልስ 50 ሳንቲም ነው፤ በወር 20 ቀን ብትሠራ 10 ዶላር ይሆናል። ተቀባይነት ያገኘው ይኸው አንደኛው ሐሳብ ሲሆን ከጁላይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሆኖም በማርች 2015 የተጀመረው ኦርካ ሊፍት የተባለው የዝቅተኛ ገቢ ካርድ በ1 ዶላር ከ50 ሳይነካ ቀረ። የጽዳት ሠራተኛዋ ካርዱን ካወጣች ጭማሪው አይደርስባትም፤ ካርዱ መኖሩን ካላወቀች ሙሉውን ትከፍላለች። (ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ሙሉ ዋጋው 3 ዶላር ሆኗል።) አዲስ የሚሄዱ ወገኖቻችን በደረሱ ሰሞን ስለዚህ ዓይነት ካርድ እንዲጠይቁ አደራ እንላለን። ከ2022 ጀምሮ በዚያ ግዛት 18 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች አውቶቡስ በነፃ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ በሰላም አያልቅም። በ1994 የሎስ አንጀለስ ትራንስፖርት ድርጅት ዋጋውን ከ1 ዶላር ከ10 ወደ 1 ዶላር ከ35 ለማሳደግ፣ 42 ዶላር የነበረውንም የወር ካርድ ጨርሶ ለማስቀረት ወሰነ። የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ማኅበር ከሕግ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ያንኑ የ1964 ሕግ በመጥቀስ ክስ አቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም ውሳኔውን ለጊዜው አገደ። በ1996 በተደረገው ስምምነት የወር ካርዱ በ42 ዶላር ጸና፤ በአውቶቡስ ውስጥ ቆመው የሚሄዱ ሰዎች ቁጥርም እንዲቀነስ ተወሰነ። የ1 ዶላር ከ35 ዋጋው ግን አልተሻረም። ለብዙ ጊዜ የሚመላለሰው ድሃ ተጠቀመ፣ አልፎ አልፎ በጥሬ ገንዘብ የሚሳፈረው ከፈለ።

ሂሳቡ የማይነግረው

እናታችን «ለምን ይጠይቁኛል?» ላሉት መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የትራንስፖርት ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት ሲሠሩበት የኖረ አንድ ግምት አለ። ዋጋ ከመቶ 10 ሲጨምር ከመቶ 3 ያህል ተሳፋሪ ይቀራል ይላል። እስቲ በሰሌዳ ላይ እንደምንሠራው እናስላው። 100 ሰው አንድ አንድ ብር ቢከፍል 100 ብር ነው። 97 ሰው 1 ብር ከ10 ቢከፍል 106 ብር ከ70 ይሆናል። ድርጅቱ 6 ብር ከ70 አተረፈ። የቀሩት ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው? በእግሩ መሄድ የጀመረ ነው? ክሊኒክ መመላለስ ያቆመች ነፍሰ ጡር ናት? ይህን ድርጅቱ ከሂሳብ መዝገቡ ሊያገኘው አይችልም፤ ከተሳፋሪው አፍ ካልሰማ በቀር።

ሌላም ሳይታወቅ የሚያልፍ ጭማሪ አለ። በየ15 ደቂቃው ይመጣ የነበረ አውቶቡስ በየ30 ደቂቃው ይሁን ቢባል ዋጋው አልተነካም፤ ነገር ግን ሰው በአማካይ የሚጠብቀው ጊዜ ከ7 ደቂቃ ተኩል ወደ 15 ደቂቃ ይወጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ሲመጣ ዋጋውን ብቻ አይቶ የሰዓቱን ሠንጠረዥ ማለፍ አይገባም። የመጨረሻው አውቶቡስ በአንድ ሰዓት ቀድሞ ቢቆም ሥራውን የሚያጣ ሰው አለ።

ወደ ካምፓችን ስንመለስ

የኬንያ ሕገ መንግሥት ከ2010 ጀምሮ የሕዝብን ተሳትፎ ከአገሪቱ መሠረታዊ መርሖች አንዱ አድርጎታል። ይህ የመንግሥትን አካላት ይመለከታል፤ ጥላ ሥር ሞተሩን አቁሞ የሚጠብቀውን ቦዳ ቦዳ ግን እኛን እንዲያማክር የሚያስገድደው ነገር የለም። ቢሆንም መነጋገር ይቻላል። ለዚህም ሂሳብ ማወቅ ይጠቅማል።

የነዳጅ ከፍተኛ መሸጫ ዋጋ በኬንያ በየወሩ በ14ኛው ቀን በተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ይነገርና ከ15ኛው ቀን ጀምሮ ይሠራበታል። «ቤንዚን ጨመረ» ሲባል በስንት እንደ ጨመረ በሬዲዮም በስልክም ማወቅ ይቻላል ማለት ነው። አንድ ሊትር በ10 ሽልንግ ጨመረ እንበል። ሞተሩ በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን ብናስብ፣ 10 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚፈልገው ሩብ ሊትር ነው፤ ጭማሪው 2 ሽልንግ ተኩል ሆነ። ሞተረኛው 20 ሽልንግ ጨምሩ ካለ የቀረው 17 ሽልንግ ተኩል የቤንዚን አይደለም። ይህን ስንል ሞተረኛውን ሌባ ማለታችን አይደለም። ጎማና ፍሬን የታራች ወንዝ አሸዋ ይበላዋል፤ ከካሎቤዬ ሰው አድርሶ ባዶውን ሊመለስ ይችላል። ግን ምክንያቱን በስሙ ይጥራው፤ ያኔ መከራከር ይቻላል።

እኛ መምህራን ይህን የተማርነው ተሸንፈን ነው። አንድ ጊዜ በዝናብ ወቅት ዋጋ ሲጨመር ተሰብስበን ሄደን «ውድ ነው» ብለን ጮኽን፤ እነርሱም «ቤንዚን ውድ ነው» ብለው ጮኹ፤ ተበታተንን። በሚቀጥለው ጊዜ የስም መጥሪያ መዝገባችንን ይዘን ሄድን። ዋጋው በጨመረባቸው ቀናት ከሩቅ የሚመጡት ተማሪዎች እነማን እንደቀሩ በየስማቸው አሳየን። ከሞተረኞቹ አንዱ የራሱን ወንድም ስም እዚያ ላይ አገኘው። ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ጠዋት በድሮው ዋጋ እንዲሄድ ተስማሙ። ስምምነቱ ከአንድ ተርም በላይ አልዘለቀም፤ የሠራበት ጊዜ ግን ልጆቹ ከክፍል አልቀሩም።

ለእናታችን የላክነው ምክር

ለአውቶቡስ የሚሰጥ አስተያየት ከስደተኝነት ፋይል ጋር ግንኙነት የለውም፤ ስምን መጻፍም ብዙውን ጊዜ ግዴታ አይደለም። ሆኖም የተጻፈው ነገር በይፋ ሊነበብ ስለሚችል የጉዳይ ቁጥርና የመኖሪያ ፈቃድ ቁጥር ፈጽሞ አይጻፍበት። የመጨረሻው ቀን ካለፈ በኋላ የሚደርስ መልስ ዋጋ የለውምና ቀኑ ከሁሉ በፊት ይታይ። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው በአማርኛ መጻፍ ወይም በስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችል እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይመልከት።

«ዋጋው በዛ» ብቻ የሚል መልስ በሺህ ከሚመጡት መካከል ይጠፋል። የምንሳፈርበትን መስመር ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ለምን እንደምንሄድ፣ ለውጡ ከመጣ ምን እንደምናደርግ መጻፍ ይሻላል። ሰዓት ሲጻፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛና ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ በአቆጣጠራችን እንግባባለን፤ አሜሪካኖቹ ግን የእኛን የሌሊት 10 ሰዓት 4 ኤ.ኤም. ይሉታል። «በ10 ሰዓት ሥራ እገባለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው እንቅልፍ የጠገበ ሊመስላቸው ይችላል።

እናታችን በስልክ እንደ ነገሩን፣ ሥራቸው የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። በአዲሱ ሠንጠረዥ ግን የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ዋጋው ሲጨነቁ ይህን መስመር አላዩትም ነበር። በአማርኛ አምስት ዓረፍተ ነገር አብረን ጽፈን፣ ሰዓቱን ወደ 5 ኤ.ኤም. ለውጠን፣ የመጨረሻው ቀን ሳያልፍ ልከዋል።