ስለማናየው ባሕር እንዴት በእርግጠኝነት እንናገራለን?

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጆሴፍ ኮኔል የተባለ አሜሪካዊ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ፣ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ባለችው የግሬት ከምብሬ ደሴት ዳርቻ ባርናክሎችን ያጠና ነበር። ባርናክሎች ጠንካራ ቅርፊት ያላቸው የሸርጣን ዘመዶች ናቸው፤ አንድ ጊዜ ዓለት ላይ ከተጣበቁ ዕድሜ ልካቸውን ከዚያ አይነሡም። ኮኔል ለዋናው ሙከራው መርከብም የመጥለቂያ ልብስም አላስፈለገውም። ሆኖም በ1961 ያሳተመው ውጤት ዛሬም በባሕር ሥነ ሕይወት ድኅረ ምረቃ ትምህርት የምርምር ዘዴ ማስተማሪያ ነው።

ጥያቄው ከዳርቻው የተነሣ ነበር። ባሕሩ በየዕለቱ ሲሞላና ሲጎድል ዓለቱ ይሸፈናል፣ ይገለጣል። ክታማለስ የተባለው ትንሹ ባርናክል ካደገ በኋላ የሚገኘው ከላይ፣ ረጅም ሰዓት በሚደርቀው ክፍል ነው። ባላነስ የተባለው ትልቁ ደግሞ ከታች ይኖራል። የክታማለስ እጮች ግን ወደ ታችም ወርደው ይጣበቃሉ። ታዲያ እዚያ ለምን አያድጉም? ውሃው ስለሚበዛባቸው ነው ወይስ ጎረቤታቸው ስላላስኖራቸው?

ዝም ብሎ መመልከት ሁለቱን መልሶች አይለይም። ኮኔል ክታማለስ ያለባቸውን ድንጋዮች ወደ ታች አውርዶ በብሎን አሰራቸው። ከዚያም በእያንዳንዱ ድንጋይ ግማሽ ላይ ባላነስን እየፋቀ አስወገደ፤ ሌላውን ግማሽ እንዳለ ተወው። ባላነስ በተወገደበት ግማሽ ክታማለስ ከታችም ቢሆን በሕይወት ቆየ። ባልተነካው ግማሽ ግን በፍጥነት የሚያድገው ባላነስ ላዩ ላይ እየወጣ፣ ከሥሩ እየፈነቀለና እየጨፈለቀ አጠፋው። ክታማለስን ከታች የከለከለው ውሃ ሳይሆን ጎረቤቱ ነበር።

የዚህ ሙከራ ጉልበት ያለው በማነጻጸሪያው ላይ ነው። የተፋቀውና ያልተፋቀው ግማሽ አንድ ማዕበል ይመታቸዋል፣ አንድ ፀሐይ ያርፍባቸዋል። ልዩነታቸው ባላነስ መኖሩና አለመኖሩ ብቻ ስለሆነ፣ የውጤቱም ልዩነት ከዚያ የመጣ ነው ለማለት ያስችላል። ተማሪ መሣሪያ ከመምረጡ በፊት የሚወዳደሩትን መላምቶች እንዲጽፍ፣ ከዚያም እነሱን የሚለይ ማነጻጸሪያ እንዲያዘጋጅ የሚገደደው ለዚህ ነው።

ከማነጻጸሪያ ቀጥሎ ሁለተኛው ትምህርት ድግግሞሽ ነው። አንድ ተማሪ በሁለት ገንዳዎች ውስጥ 30፣ 30 ዓሦች አስገብቶ የአንዱን ውሃ አሞቀ እንበል። ስንት ናሙና አለው? ብዙዎች 30 ይላሉ። ነገር ግን ሙቀቱ የተሰጠው ለገንዳው ነው፤ ስለዚህ የሞቀው ናሙና አንድ ብቻ ነው። በዚያ ገንዳ ውስጥ በሽታ ቢነሣ ዓሦቹ ሁሉ አብረው ይታመማሉ፣ ተመራማሪውም ጥፋቱን በሙቀቱ ያሳብባል። ስቱዋርት ኸርልበርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን ስሕተት የሐሰት ድግግሞሽ ብሎ ሰየመው፤ ከመረመራቸው 176 የሙከራ ጥናቶች በ27 በመቶው ውስጥም አገኘው። መድኃኒቱ ብዙ ገንዳ ማዘጋጀትና የትኛው እንደሚሞቅ በዕጣ መወሰን ነው።

ሦስተኛው የናሙና አወሳሰድ ነው። አንድ ጭልፋ ቀምሰን ስለ ድስቱ ሁሉ የምንፈርደው ወጡ ስለተማሰለ ነው፤ የባሕር ሕይወት ግን የተማሰለ አይደለም። ዓሦች በመንጋ ይሄዳሉ፣ ኮራሎች በሚመቻቸው ቦታ ብቻ ይበቅላሉ። ስለዚህ ጠላቂው የለካውን ገመድ ዘርግቶ ግራና ቀኙን ይቆጥራል፤ ወይም ባለአራት ማዕዘን ፍሬም ዕጣ በጣለበት ቦታ አስቀምጦ በውስጡ ያለውን ይመዘግባል። ዓይኑ ያማረ ኮራል ያየበትን ቦታ ከመረጠ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ባሕሩ ሳይሆን ስለ መራጩ ምርጫ ነው።

አዲሶቹ መሣሪያዎችም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። ፍጥረታት በቆዳቸውና በዓይነ ምድራቸው ዲኤንኤ ውሃ ውስጥ ይጥላሉ፤ ዛሬ ውሃውን አጣርቶ እዚያ የነበሩትን ዝርያዎች መለየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ከባሕር ውሃ ናሙና ብቻ የ15 የዓሣ ዝርያዎችን ምልክት አግኝቷል። ይሁንና ዲኤንኤው በሞገድ ከሩቅ ተጉዞ ወይም ከተመራማሪው ዕቃ ተላልፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ንጹሕ ውሃም በዚያው ማጣሪያ አልፎ ይመረመራል፤ ከእርሱ የዓሣ ዲኤንኤ ከተገኘ ብክለት አለ ማለት ነው። የኮኔል ያልተፋቀ ግማሽ በቤተ ሙከራም ቦታ አለው።

ባሕር የሌለን ኢትዮጵያውያን ይህ ትምህርት አይመለከተንም ልንል አይገባም። የጣናን የዓሣ ዝርያዎች የሚቆጥር ተማሪም ስለ ማነጻጸሪያ፣ ስለ ድግግሞሽና ስለ ዕጣ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው። መርከብ መግዛት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሙከራን በትክክል መንደፍ ግን ከሁሉ በፊት ማሰብን ይጠይቃል። ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶቻችን ከመሣሪያ እጥረት እኩል ሊጨነቁበት የሚገባውም ይኸው ነው። አንባቢም "የባሕር ሕይወት ተጎዳ" ወይም "አገገመ" የሚል ዜና ሲገጥመው ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ከምን ጋር ተነጻጽሮ? በስንት የተለያየ ቦታ ተለክቶ? ለሁለቱ መልስ የሌለው ዜና ገና ማስረጃ አልሆነም።