የኪራይ ቤትና የፓሽን ሐረግ

በአዲስ አበባ በኪራይ በምንኖርበት ግቢ አንዲት የፓሽን ፍሩት ችግኝ ስንተክል፥ ጎረቤታችን እማማ አይተው «ልጄ፥ ነገ ቤቱን ልቀቅ ብትባል ፍሬውን ማን ሊበላው ነው?» አሉን።

ነገሩ እውነት አለው። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሐረግ ብዙውን ጊዜ የሚያፈራው በተተከለ ከ12 እስከ 18 ወር ውስጥ ነው። ቢሆንም ለደጋ የሚስማማውን ሐምራዊውን ዓይነት መርጠን፥ ሥሩን ሳንነካ ከነአፈሩ ፀሐይ በሚያገኝ አጥር ሥር ተከልነው፤ የሚንጠላጠልበትም ሽቦ ወጠርንለት። ፍግ ሲበዛ ቅጠሉን ብቻ ያፋፋዋልና በመጠኑ ሰጠነው፤ ውሃም እንዳይተኛበት ተጠነቀቅን።

ፍሬው ሲበስል ራሱ ይወድቃል። አንባቢ ሆይ! እኛ ብንለቅ ተከታዩ ተከራይ ጎንበስ ብሎ ይለቅመዋል፤ እኛም በምንገባበት ግቢ ሌላው የተከለውን እናገኝ ይሆናል።