የተበላሸ ኮንዴንሰር ማይክሮፎንን በቤት ስለ መጠገን



በመሥሪያ ቤት አዳራሽም ሆነ በግል ቤት ድምፅ ለመቅዳት የሚያገለግል ማይክሮፎን ድንገት ዝም ቢል፣ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ «ሞቷል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል፣ ወይ ካቻቢቴ አንሥቶ ይፈታዋል። የመጀመሪያው ገና የሚያገለግል ዕቃ ያባክናል፤ ሁለተኛው ጤነኛውን ክፍል ይገድላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው እንዳይሆን፣ የምርመራውን ሥርዐት ማወቅ ይገባል።

ኮንዴንሰር ማይክሮፎን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. ኤድዋርድ ዌንት በተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ የተፈለሰፈ ነው። በራሱ ውስጥ ሁለት ገጾች ተቀራርበው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንደኛው የማይነቃነቅ ሳህን ነው፤ ሁለተኛው ከሰው ጠጉር እጅግ የሳሳ፣ ብዙውን ጊዜ ወርቅ የተቀባ ሽፋን ነው። ሁለቱም የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛሉ። ድምፅ ሽፋኑን ባንቀሳቀሰው ጊዜ በመካከላቸው ያለው ርቀት ስለሚለዋወጥ ቮልቴጁም አብሮ ይለዋወጣል። ለውጡ ግን በጣም ደካማ ስለ ሆነ፣ በማይክሮፎኑ ሆድ ውስጥ የሚያበረታው መሣሪያ ተቀምጧል። እንደዚሁ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. ጄምስ ዌስትና ገርሃርድ ሴስለር የፈለሰፉት ኤሌክትሬት የተባለው ዓይነት ሙሉን ለረጅም ዘመን በራሱ ይዞ የሚኖር ቢሆንም፣ የሚያበረታው መሣሪያ ግን ኃይል ይፈልጋል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ተሰበረ?» ሳይሆን «ኃይል ደርሶታልን?» የሚል መሆን አለበት።

ስለዚህ አንደኛ፣ ገመዱን በሌላ ጤነኛ ገመድ ለውጡ። ገመድ ስለሚረገጥና ስለሚታጠፍ፣ በማይክሮፎኑ የሚሳበበው ጥፋት ብዙውን ጊዜ የርሱ ነው። ሁለተኛ፣ ማይክሮፎኑ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ ድንጋዩን ለውጡ፤ መነካኪያውም ዝጎ እንደ ሆነ ጥረጉት። በገመድ ኃይል የሚቀበል ከሆነ ግን በሚክሰሩ ላይ ፋንተም ፓወር የተባለው ማብሪያ መከፈቱን ተመልከቱ። ሦስተኛ፣ ቴስተር ያለው ሰው ማይክሮፎኑን ነቅሎ ከገመዱ ጫፍ በ1ኛውና በ2ኛው ቀዳዳ፣ እንዲሁም በ1ኛውና በ3ኛው መካከል ይለካ። በተለመደው ዓይነት ሁለቱም ወደ 48 ቮልት ሊያሳዩ ይገባል። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል በሽታው ከገመዱ ወይም ከሚክሰሩ እንጂ ከማይክሮፎኑ አይደለም።

ኃይል በሚገባ እየደረሰው ድምፁ ከታወከ፣ የድምፁ ጠባይ በሽታውን ይጠቁማል። እንደሚጠበስ ዘይት የሚንጫጫ ከሆነ እርጥበት ሳይገባው አልቀረም፤ በክረምት ወራት ወይም ከአፍ ተጠግቶ ብዙ ሲነገርበት ይህ ይደርሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋራ በተከደነ ዕቃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ማቆየት ነው። በእሳት ወይም በፀሐይ ማድረቅ ግን ሽፋኑን ይጎዳል። ያለማቋረጥ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ከሆነ ከ1ኛው እግር ጋራ የተያያዘው የገመዱ መከላከያ ሽቦ ተላቆ ይሆናል፤ ይህን መበየድ የሚችል ሰው በቤቱ ያቃናዋል። ድምፁ የሚቆራረጠው ማይክሮፎኑ ሲነካ ከሆነ ደግሞ መሰኪያው ላልቷል ወይም በውስጡ አንድ ሽቦ ተላቋል።

ማይክሮፎኑን መክፈት ግድ ሲሆን አስቀድማችሁ ኃይሉን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ጥቂት ደቂቃም ታገሡ። የወጣውን ብሎን ሁሉ በቅደም ተከተል በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። የተላቀቀ ሽቦ ብታገኙ ወደ ቦታው መልሱ፤ ነገር ግን ከሽፋኑ አጠገብ ያሉትን ክፍሎች በጣት አትንኩ። የጣት ወዝ ያን ደካማ ሙል እያፈሰሰ አዲስ መንጫጫት ያመጣልና። ሽፋኑንም ከቶ አትጥረጉት፣ በአፋችሁም እፍ አትበሉበት፤ አቧራውን ያነሣችሁ መስሏችሁ ምራቅ ታሳርፉበታላችሁ።

የቤት ጥገና ወሰን አለው። ሽፋኑ የተቀደደ ወይም የተጨማደደ እንደ ሆነ ሥራው የባለሙያ ነው። በቫልቭ የሚሠሩት ማይክሮፎኖች ደግሞ በኃይል ማደያቸው ውስጥ ከ100 ቮልት የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ስላለ፣ ከተነቀሉም በኋላ ሰው ሊጎዱ ይችላሉና ያልተማረ እጅ አይክፈታቸው።

በመጨረሻም ይህን ልብ በሉ። የጉባኤ ውሳኔም ሆነ የአረጋዊ አባት ቃል አንድ ጊዜ ሳይቀዳ ካመለጠ በጥገና አይመለስም። ስለዚህ ማይክሮፎኑን ከሥራው ዕለት አስቀድሞ መፈተን፣ ትርፍ ገመድም ማዘጋጀት፣ ሥራው ሲያልቅ ከእርጥበትና ከአቧራ ጠብቆ በሣጥኑ ማኖር ከጥገና ሁሉ የሚበልጥ ጥገና ነው።