ፋይሉ አለቀ ወይስ ተቋረጠ? በሲ ቋንቋ ፋይል ስናነብ

ከፋይል ቁጥር እያነበበ የሚደምር ፕሮግራም በሲ ጻፍ የተባለ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ሐሳቡን እንዲህ ይቀርጻል፦ «ፋይሉ እስካላለቀ ድረስ አንብብ፤ ደምር»። ፋይሉ ውስጥ 70፣ 80 እና 90 በየመስመራቸው ተቀምጠዋል እንበል። ድምሩ 240 መሆን ሲገባው ፕሮግራሙ 330 ይላል። የመጨረሻው 90 ሁለት ጊዜ ተደምሯል ማለት ነው። ደግሞ ከ90 በኋላ ያለውን የአዲስ መስመር ምልክት ከፋይሉ ላይ ካጠፋነው ያው ፕሮግራም 240 ብሎ ትክክለኛውን ይነግረናል። ስህተቱ አንዴ እየታየ አንዴ እየተደበቀ የሚያደክመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥፋቱ ያለው ፋይሉ አልቆ እንደሆነ ለማወቅ ለ«ኤፍ-ኢኦኤፍ» ባቀረብነው ጥያቄ ላይ ነው። ይህ ፈንክሽን የሚናገረው ስላለፈው ነው፤ ከዚህ በፊት የተደረገ ንባብ የፋይሉን መጨረሻ ነክቶ እንደሆነ ብቻ ይመልሳል። የሚቀጥለው ንባብ ይሳካ እንደሆነ አያውቅም። 90ን ያነበበው «ኤፍ-ስካን-ኤፍ» ቁጥሩ የት እንደሚያበቃ ለማወቅ ቀጣዩን ባይት ያያል። የአዲስ መስመር ምልክት ካገኘ እዚያው ይቆማል፤ መጨረሻውን ገና አልነካም። ስለዚህ ሉፑ አንድ ዙር ይጨምራል፣ ንባቡ ይከሽፋል፣ ቫሪያብሉ ውስጥ ግን የቀድሞው 90 እንዳለ ነውና እንደገና ይደመራል። ምልክቱ ከሌለ ደግሞ ቀጣዩን ባይት ሲፈልግ መጨረሻውን ስለሚነካ ሉፑ በጊዜው ይቆማል።

መፍትሔው የሉፑን ቅድመ ሁኔታ የንባቡ ውጤት ራሱ ማድረግ ነው። «ኤፍ-ስካን-ኤፍ» ስንት ነገር ሞልቶ እንደተመለሰ በቁጥር ይናገራል። አንድ ቁጥር ከጠየቅነው፣ 1 እስከመለሰ ድረስ እንቀጥል። ፋይሉ ሲያልቅ የሚመልሰውን ኢኦኤፍ ይዞ «ኢኦኤፍ እስኪመልስ ድረስ» ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ጣጣ አለው። አንዱ መስመር ላይ በ80 ፈንታ «ሰማንያ» ተብሎ በፊደል ከተጻፈ ፈንክሽኑ 0 ይመልሳል፣ ያላነበበውንም ጽሑፍ ባለበት ይተወዋል። በሚቀጥለው ዙር ያንኑ ጽሑፍ ያገኛል፣ አሁንም 0። ፕሮግራሙ እኛ እስክናቋርጠው ድረስ እዚያው ይሽከረከራል።

ኢኦኤፍ በፋይሉ ጫፍ ላይ የተጻፈ ምልክት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አይፈረድባቸውም። በቀድሞው ሲፒ/ኤም ሲስተም የፋይል መጠን የሚመዘገበው በ128 ባይት ክፍልፋይ ስለነበር፣ ጽሑፉ የት እንዳበቃ ለማመልከት ቁጥሩ 26 የሆነ ባይት ይቀመጥ ነበር። ኤምኤስ-ዶስ ልማዱን ወረሰ፤ ዊንዶውስ ላይም በጽሑፍ ሁናቴ የተከፈተ ፋይል ዛሬም 26 ላይ ሲደርስ አለቀ ይባላል። ፎቶ በዚህ ሁናቴ ከፍቶ መሐል ላይ የሚቆረጥበት ሰው ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። በሲ ግን ኢኦኤፍ ፋይሉ ውስጥ የለም። የሚያነበው ፈንክሽን የሚሰጠን ነገር ሲያጣ የሚመልሰው ኔጋቲቭ ቁጥር ነው፤ ብዙውን ጊዜ -1።

«ኤፍ-ጌት-ሲ» የሚያነበው አንድ ባይት ሆኖ ሳለ በቻር ሳይሆን በኢንት የሚመልሰውም ለዚህ ነው። ባይት ከ0 እስከ 255 ያሉትን 256 ዋጋዎች ሁሉ ሊይዝ ስለሚችል፣ «የለም» ለማለት ከእነዚህ ውጪ የሆነ ቁጥር ያስፈልጋል። መልሱን ቻር ውስጥ ከከተትነው ልዩነቱ ይጠፋል። የጄፔግ ፎቶ የመጀመሪያው ባይት 255 ነው። በተለመደው የኢንቴል ኮምፒውተር ላይ ይህ ቻር ውስጥ ሲገባ -1 ይሆንና ፎቶውን ባይት በባይት የሚገለብጥ ፕሮግራም ገና በመጀመሪያው ባይት ሥራውን ጨርሻለሁ ይላል፤ ባዶ ፋይል ያስረክበናል። ያው ኮድ አርም ፕሮሰሰር ባለው ሊኑክስ ላይ ተቃራኒውን ያደርጋል። እዚያ ቻር ኔጋቲቭ ስለማይዝ -1 ራሱ 255 ሆኖ ይቀመጣል፣ ሉፑ መቆሚያ ያጣል፣ ዲስኩ እስኪሞላ 255 ይጽፋል።

ኢንቴል ላይ በአማርኛ ጽሑፍ ብቻ የሚሞክር ሰው ይህን ስህተት ላያይ ይችላል። በዩቲኤፍ-8 «ሀ» ሦስት ባይት ናት፦ 225፣ 136፣ 128። 255 በዩቲኤፍ-8 ውስጥ ፈጽሞ አይገኝም። ኖትፓድ በዩቲኤፍ-16 ኤልኢ ያስቀመጠው ፋይል ግን በ255 እና 254 ይጀምራል።

እስካሁን የተነጋገርነው በሰላም ስላለቀ ፋይል ነው። ፍላሹ መሐል ላይ ቢነቀል፣ ዲስኩ ተበላሽቶ አላነብም ቢልስ? ሲ በቤል ላብስ በዴኒስ ሪቺ ሲቀረጽ ስህተትን ለብቻው የሚያውጅ ሥርዓት አልተሰጠውም፤ ፈንክሽኖች ችግራቸውን የሚናገሩት በሚመልሱት ዋጋ ነው። ያ ዋጋ ደግሞ በሁለቱም ሁኔታ አንድ ነው። «ኤፍ-ጌት-ሲ» ፋይሉ ሲያልቅም ሲበላሽም ኢኦኤፍ ይላል፤ «ኤፍ-ጌት-ኤስ» በሁለቱም ነል ይመልሳል። ስልክ እያወራን ድምፅ ሲጠፋ ሰውየው ዘግቶት ይሁን ኔትወርክ ተቋርጦ ከጸጥታው ብቻ እንደማይታወቅ ማለት ነው። ስለዚህ ሉፑ እንደቆመ «ኤፍ-ኤረር»ን መጠየቅ ግድ ነው። እውነት ካለ ንባቡ ተቋርጧል። በሊኑክስና መሰል ሲስተሞች ላይ ምክንያቱ «ኤረርኖ» ውስጥ ይገኛል፤ ሌላ ፈንክሽን ሳይለውጠው ወዲያው በ«ፒ-ኤረር» ማሳተም ይሻላል።

ለመሞከር ዲስክ ማበላሸት አያስፈልግም። ሊኑክስ ላይ መስመር ለሚቆጥር ፕሮግራም በፋይል ፈንታ የፎልደር ስም እንስጠው። ለንባብ ብቻ ከሆነ «ኤፍ-ኦፕን» ያለ ቅሬታ ይከፍተዋል። የመጀመሪያው ንባብ ግን ኢኦኤፍ ይመልሳል። «ኤፍ-ኤረር»ን የማይጠይቅ ፕሮግራም «0 መስመር» ብሎ በልበ ሙሉነት ይሰናበታል፤ የሚጠይቀው ግን የተሰጠው ነገር ፎልደር መሆኑን ይናገራል።

በጅምላ የሚያነበው «ኤፍ-ሪድ»ም ከዚህ አይለይም። 4096 ባይት ጠይቀነው 1000 ከመለሰ፣ ልንጠቀምበት የሚገባው 1000ውን ብቻ ነው፤ የቀረው ቦታ ያለፈው ዙር ትራፊ ነው። ለምን እንዳነሰ የሚነግረን አሁንም «ኤፍ-ኤረር» ነው።

ስህተቱን ስክሪን ላይ ማተም ብቻውን አይበቃም። ግማሽ ፋይል ገልብጦ ሥራው የተሳካ ይመስል 0 የሚመልስ ፕሮግራም፣ ቅጂው ተሳክቷል ብሎ ዋናውን የሚያጠፋ ስክሪፕት ከኋላው ቢኖር ያሳስተዋል። ንባቡ ከተቋረጠ ፕሮግራማችሁ ከ0 የተለየ ቁጥር መልሶ ይውጣ።